የአባቴ ፒፓ እንደ ሽሮ ይንተከተካል፤ ምን ላድርጋት?

ልጁ ከፍራንክፈርት

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ብዙ ጊዜ እዚህ የፒፓ መድረክ ላይ የምትጻጻፉትን እያነበብኩ ዝም ብዬ ነው የማልፈው። ዛሬ ግን ግራ ገባኝና ጻፍኩ።

አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ከዕቃዎቹ መሀል ፒፓውን እኔ ወሰድኩ። በ1960ዎቹ ለትምህርት ጣሊያን ሳለ የገዛት ናት። ጎበጥ ያለች፣ ጥቁር ቡኒ፣ ጠርዟ ከክብሪት ብዛት የጠቆረ። አባቴ በየቀኑ አያጨስም ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ሬዲዮ እየሰማ ነው። እናቴ ጢሱ ቤት እንዳይገባ በሩን ትዘጋበታለች።

እኔም ካለፈው ወር ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እሞክራለሁ። ከለኮስኩ ከአምስት ከስድስት ደቂቃ በኋላ ውስጧ መንተክተክ ይጀምራል። ልክ ድስት ላይ እንዳለ ሽሮ። ትንሽ ቆይቶ መራራ ውሃ ምላሴ ላይ ጠብ ይላል። ትምባሆው ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ይጠፋል። ደግሜ እለኩሳለሁ፣ ደግሞ ይጠፋል። ስገለብጣት ታቹ ላይ እርጥብ ጥቁር አተላ ተጋግሮ ይቀራል።

ትምባሆው የቼሪ ሽታ ያለው ነው፤ ከዚሁ ከተማ የገዛሁት። ፒፓዋ ማጣሪያ የላትም። ልጥላት አልፈልግም። እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

ደጀን ቨርጂኒያ

ወንድሜ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። ፒፓዋን አትጣላት፤ ይሄ ችግር ያልገጠመው አጫሽ የለም።

መጀመሪያ ትምባሆህን እይ። ቆርቆሮውን እንደከፈትክ እየጠቀጠቅክ ከሆነ ውሃ ነው የምታጨሰው። ሂሳቡን ላሳይህ። አንድ ሙሌት ሦስት ግራም ያህል ነው እንበል። ከክብደቱ 20 በመቶው እርጥበት ከሆነ 0.6 ግራም ውሃ ነው። አሥራ ሁለት ጠብታ ማለት ነው። ወደ 12 በመቶ ብታወርደው ሰባት ጠብታ ይሆናል። አምስቱ ጠብታ ወረቀት ላይ ቀረ ማለት ነው፤ ጢሱ ወደ መምጠጫው የሚያልፍባት አንገቷ ውስጥ አልገባም።

ስለዚህ አስጣው። ንጹሕ ወረቀት ላይ በትነህ እንደ ጌሾ አስጣው። እንደ ቤትህ አየር ከሃያ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ሰዓቱን አትመን፣ ጣትህን እመን። ቆንጠር አድርገህ ጨምቀው፣ ከዚያ ልቀቀው። እንደተጋገረ ከቀረ ገና ነው። ቀስ ብሎ ከተፍታታ ደርሷል። ዱቄት ከሆነ አልፎበታል።

የቼሪው ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሽታ የሚጨመርባቸው ትምባሆዎች ብዙዎቹ ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባል ነገር ይገባባቸዋል። ውሃን አቅፎ የሚይዝ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ብታሰጣውም እጅህ ላይ ለስለስ ይላል። ሽታ ያልተጨመረበት፣ ለምሳሌ ቨርጂኒያ የሚባለውን ቅጠል ብቻውን ወይም በርሊ ከሚባለው ቅጠል ጋር፣ ሞክርና ልዩነቱን ተመልከት።

ቡና በጨው

ደጀን ያለው ልክ ነው። እኔ ግን ከትምባሆው በፊት ስለ አሳሳብህ እጠይቅሃለሁ። ምን ያህል ትፈጥናለህ? ከሲጋራ የመጣ ሰው ፒፓን እንደ ሲጋራ ነው የሚምገው። ጭልጥ! ያኔ እሳቱ ይግላል፣ እንፋሎቱ ይበዛል፣ ቀዝቃዛው አንገት ጋ ሲደርስ ውሃ ይሆናል። የድስት ክዳን ላይ የሚቋጥረው ውሃ ማለት ነው።

እንደ ትኩስ ቡና ፉት በላት። ስኒው ከጀበናው ተቀድቶ እጅህ ላይ ሲደርስ እንዴት ነው የምትጠጣው? ከንፈርህን ነካ አድርገህ፣ ትንሽ አየር ቀላቅለህ። እንደዚያ ነው። ትምባሆው የሚሞላበትን ራሷን ጉንጭህ ላይ አስጠግተህ ከለበለበህ ፈጥነሃል። አስቀምጣት። ብትጠፋም ትጥፋ። መጥፋት ነውር አይደለም። እኔ በአንድ ሙሌት ሦስት አራት ጊዜ እለኩሳለሁ፤ 15 ዓመት አጭሼም እንደዚያው ነኝ።

ሌላው ምራቅ ነው። መምጠጫውን ጥርስህ መሀል ነክሰህ ሥራ እየሠራህ ከሆነ ምራቁ ቁልቁል ይወርዳል። በተለይ ጎባጣ ፒፓ ላይ። በእጅህ ያዛት።

ጋሽ ጠጅ ሳር

ልጆቼ፣ እኔ የምጽፈው ከአዲስ አበባ ነው። ፒፓ ከያዝኩ አርባ ዓመት አልፎኛል። እጄ ፊደል ላይ ቀርፋፋ ነውና ታገሡኝ።

አያቴ ጋያ ያጨሱ ነበር። ጋያን የማያውቅ ወጣት ሊኖር ስለሚችል ልግለጸው። ቅል ነው፤ ሆዱ ውስጥ ውሃ አለ። ከላይ የሸክላ ራስ አለው፣ ትምባሆውና ፍሙ እዚያ ላይ ነው። በሸምበቆው ሲስቡት ጢሱ በውሃው ውስጥ አልፎ ይመጣል። ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ያ ድምፅ የጤና ነው፤ ውሃው ሆን ተብሎ የገባ ነው፣ ከአፍም ይርቃል። ፒፓ ግን ደረቅ ዕቃ ነው። ፒፓ ቡልቅ ካለ ውሃው ያለ ቦታው ገብቷል።

አጠቃቀጠቅህን ልንገርህ ልጄ። እኛን ያስተማሩን በሦስት እጅ ነው። የመጀመሪያውን በሕፃን እጅ፣ ሁለተኛውን በሴት እጅ፣ ሦስተኛውን በወንድ እጅ። ታቹ ልል፣ ላዩ ጠበቅ ያለ ይሆናል ማለት ነው። ብዙ ሰው ገና ከሥሩ ጀምሮ ይደፈጥጠዋል። አየር ሲጠፋ በኃይል ይስባል፣ በኃይል ሲስብ ይግላል፣ ሲግል ውሃ ይወልዳል። ሳትለኩሳት ባዶውን ሳባት። ወፍራም ነገር በቀሰም እንደ መጠጣት ከከበደህ አራግፈህ ድገመው።

እዚህ አገር እንኳ የቼሪም የቫኒላም ነገር ቀርቷል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆ ተከልክሏል። ለኔ ብዙም አልጎደለብኝም። ደረቅ ቅጠል ነው የለመድኩት።

ሐኪሟ

ከርዕሱ ወጣ ልልና አንድ ነገር ልናገር። ሥራዬ የአፍና የጥርስ ሕክምና ነው። ልጁ ከፍራንክፈርት፣ ያ ምላስህ ላይ ጠብ የሚለው ውሃ ኒኮቲንና ታር ያለበት ነው። አትዋጠው፣ ትፋው፣ አፍህንም ተጉመጥመጥ።

ደግሞ ጢሱን ወደ ሳንባ ስለማትስበው የምትድን እንዳይመስልህ። ኒኮቲኑ በአፍ ውስጥ ሽፋን ይገባል። ፒፓ የአፍ፣ የጉሮሮና የሳንባ ካንሰር ያመጣል። የማትተወው ከሆነ ቢያንስ ከቅዳሜ አይብዛ። አፍህ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያልዳነ ቁስል ወይም ነጭ ምልክት ካየህ ሳትውል ሳታድር ሐኪም ጋ ሂድ። ይኼን ስል ከልቤ ነው።

ልጁ ከፍራንክፈርት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐኪሟ፣ ምክርሽን ተቀብያለሁ። ከቅዳሜ አላሳልፍም።

የዛሬውን ልንገራችሁ። ሽታ የሌለው ቨርጂኒያ ገዛሁ። 40 ደቂቃ ወረቀት ላይ አሰጣሁት። ጋሽ እንዳሉኝ በሦስት እጅ ጠቀጠቅኩ። ቀስ ብዬ ፉት አልኩ። ለውጥ አለ! ውሃው ምላሴ ላይ አልመጣም፣ አፌንም አላቃጠለኝም። መንተክተኩ ግን አልጠፋም። ዘግይቶ ነው የጀመረው፣ ሃያ ደቂቃ አካባቢ። ግን ጀመረ።

በረንዳው በጣም ይበርዳል፣ ዛሬ 3 ዲግሪ ነበር። ይኼ ለውጥ ያመጣል? መምጠጫዋ ደግሞ ስትመጣ ሻንጣ ውስጥ ተሰብራ ነበር። ዓምና እዚህ አንድ ጥገና ቤት ወስጄ አዲስ አስገጥሜላታለሁ። ከዚያ ውጪ ምንም አልተነካችም።

ደጀን ቨርጂኒያ

ብርዱ ለውጥ ያመጣል እንጂ! አንገቷ በቀዘቀዘ ቁጥር እንፋሎቱ ቶሎ ውሃ ይሆናል። የፒፓ መጥረጊያ ሽቦ አለህ? ያ ጥጥ የተጠመጠመበት ቀጭን ሽቦ። ድምፁ እንደጀመረ ሳትፈታት በመምጠጫው በኩል አስገባው። አንድ ደቂቃ ተወውና አውጣው። ቡናማ ሆኖ ይወጣል፣ ድምፁም ይቆማል። እኔ በአንድ ሙሌት አንድ ጊዜ አደርገዋለሁ።

አደራ፣ ሳትቀዘቅዝ መምጠጫውን አትንቀል። እንጨቱ በሙቀት የተለወጠ ስለሆነ ይላላል ወይም ይሰነጠቃል።

ማጣሪያ ይሻላል

እኔም ጀርመን ነኝ። እዚህ አገር አብዛኛው ፒፓ ለ9 ሚሊ ሜትር ማጣሪያ ነው የሚሠራው። ከሰል ያለበትን ታስገባለህ፣ ውሃውን ይጠጣልሃል፣ በቃ። ምን አደከማችሁ? አዲስ ፒፓ ግዛና የአባትህን ለማስታወሻ አስቀምጣት።

ቡና በጨው

ማጣሪያው ውሃውን ይጠጣል፣ አልክድም። ግን ከውሃው ጋር ጣዕሙንም ይጠጣል። ደግሞ የልጁ ጥያቄ ስለ አባቱ ፒፓ ነው። አዲስ እንግዛለት አላለም።

እንጨት ጠራቢው

ወንድሜ፣ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁላችንም አንድ ነገር አልፈን ሄደናል። መምጠጫው አዲስ ነው ብለሃል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። አባትህ በረንዳ ላይ ሲያጨስ ያ ድምፅ ነበር? ሬዲዮው ሲቆም፣ ዝም ሲል፣ ይሰማህ ነበር? አስታውስ።

እኔ የቤት ዕቃ እሠራለሁ፣ ፒፓም በትርፍ ሰዓቴ እጠግናለሁ። እንዲህ ነው ነገሩ። መምጠጫው ጫፉ ላይ ወንዴ፣ ማለትም የሚሰካ ቀጭን ጫፍ አለው፤ አንገቷ ውስጥ ደግሞ ሴቴ፣ ማለትም እሱ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ወንዴው ሴቴው ወለል ድረስ ሄዶ መንካት አለበት። ካጠረ መሀል ላይ ባዶ ክፍል ይቀራል። ጢሱ ከራሷ የሚመጣው 4 ሚሊ በምትሆን ቀጭን ቀዳዳ ነው። ድንገት ሰፊ ክፍል ውስጥ ሲገባ ይዞራል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ቀዝቃዛውን እንጨት ይነካል፣ ውሃውን እዚያ ይጥላል። ከዚያ በሳብክ ቁጥር አየሩ በዚያ ኩሬ ውስጥ ያልፋል። አንተ የምትሰማው እሱን ነው።

ለካ። ፒፓዋ ቀዝቅዛ ትደር። ጠዋት አንገቷን ያዝ፣ ራሷን አትያዝ፣ መምጠጫውን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እያዞርክ አውጣ። የወንዴውን ርዝመት በማስመሪያ ለካ። ከዚያ ክብሪት እንጨት ሴቴው ውስጥ ወለሉን እስኪነካ አስገባ፣ ከአፉ ጋር እኩል በጥፍርህ ምልክት አድርግና እሱንም ለካ። ልዩነቱ ግማሽ ሚሊ ከሆነ ደህና ነው። ከዚያ ከበለጠ ንገረኝ።

በነገራችን ላይ የዚያች ፒፓ እንጨት ከሩቅ አገር ቢመጣም እንግዳ አይደለም። ብራየር የሚሉት የአስታ ሥር ነው። ያ ሰሜን ተራራና ባሌ ላይ ከ3000 ሜትር በላይ የምናየው አስታ፣ ያው ዝርያ ነው። ለፒፓ የሚቆፈረው ግን በሜዲትራኒያን ዳርቻ የሚበቅለው ነው። ከሥሩና ከግንዱ መሀል ያለውን እብጠት ያወጡታል፣ ለሰዓታት ይቀቅሉታል፣ ለወራት ያደርቁታል። እሳት የሚችለው ለዚህ ነው። ጭላዳ የሚውልበትን ቁጥቋጦ አባትህ እጁ ላይ ይዞት ነበር ማለት ነው።

ልጁ ከፍራንክፈርት

እንጨት ጠራቢው፣ ጥያቄህ እንቅልፍ ነሳኝ። ድምፅ አልነበረም። እርግጠኛ ነኝ። የሬዲዮ ዜና ሲያልቅ አጥፍቶት ዝም ብሎ ይቀመጥ ነበር፤ የሚሰማኝ ከንፈሩ ሲለቅ የምትወጣ ትንሽ ጷ የምትል ድምፅ ብቻ ናት።

ለካሁ። ወንዴው 17 ሚሊ ነው። የሴቴው ጥልቀት 24። ሁለት ጊዜ ለካሁት። ሰባት ሚሊ!

ክብሪቱ ሲወጣ ጫፉ ላይ እንደ ሬንጅ ያለ ነገር ይዞ ወጣ።

ደጀን ቨርጂኒያ

ሰባት ሚሊማ ክፍል ነው። ተገኘ!

ግን ከመቸኮልህ በፊት አንድ ነገር አረጋግጥ። ሆን ተብሎ እንዲህ የሚሠራ ፒፓ አለ። የደብሊኑ ፒፓ ሠሪ ፒተርሰን በ1890 የፈጠራ መብት ያወጣበት አሠራር አለ፤ አንገቱ ውስጥ ከጢሱ መንገድ ዝቅ ብሎ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ውሃው እዚያ ይጠራቀማል፣ ጢሱ ከላዩ ያልፋል። ስትጨርስ ታፈሰዋለህ። እሱ ከሆነ ባዶው ክፍል ጥፋት አይደለም፣ ሥራው ነው። በባትሪ እያበራህ ውስጡን እይ። ከጢሱ ቀዳዳ በታች የሚወርድ ጉድጓድ አለ?

ልጁ ከፍራንክፈርት

የለም። ወለሉ ጠፍጣፋ ነው። ቀዳዳዋ መሀሉ ላይ ናት። በራሷ በኩልም አየሁ፣ ቀዳዳዋ ታች ወለሉ ጋ ነው የምትወጣው።

እንጨት ጠራቢው

እንግዲህ የቆፋሪው ሥራ ጤነኛ ነው። ጥፋቱ የጠጋኙ ነው። ወንዴውን ስፋቱን አስተካክሎ ርዝመቱን ረስቶታል። ከውጪ ሲያዩት ልክክ ብሎ ስለሚገጥም አይታወቅም።

ደህና ባለሙያ ጋ ውሰድና ረዘም ያለ ወንዴ ይግጠምልህ። መምጠጫውን መጣል አያስፈልግም። አጭሩን ቆርጦ፣ ከውስጥ በስቶ፣ ዴልሪን የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ይተክልበታል። 23 ሚሊ ተኩል ይበቃል፤ ግማሽ ሚሊ ይተው። ወለሉን ገፍቶ ከያዘ አንገቷን ሊሰነጥቃት ይችላል። የቀዳዳውን ጠርዝም በትንሹ አስፍቶ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ያድርገው።

እስከዚያው ድረስ መጥረጊያ ሽቦ ቆርጠህ ያንን ባዶ ክፍል ሙላው፤ ስታጨስ እዚያው ይሁን። ውሃውን ይጠጣል። በየሙሌቱ ቀይረው።

ያ ሬንጅ ደግሞ መውጣት አለበት። በጠንካራ አልኮል የራሰ ሽቦና የጆሮ ጥጥ እያስገባህ ነጭ እስኪወጣ ጥረገው። ውጪውን እንዳይነካ። የእንጨቱን ቅብ ያነሣዋል።

የደብረ ብርሃን ልጅ

ይቅርታ፣ አልኮል ካጣን አረቄ ይሆናል? እዚህ ሌላ የለኝም።

ጋሽ ጠጅ ሳር

ይሆናል ልጄ፣ ዳግም አረቄ ከሆነ። እኔም ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ። ነገር ግን አረቄ ውስጥ ውሃም አለበትና ሦስት አራት ቀን ሳትነካው ይድረቅ። አለዚያ በአንድ በኩል አውጥተህ በሌላው ታስገባለህ።

አንድ ፒፓ ብቻ ካለህ ደግሞ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ አሳርፋት። ሽቦ አስገብተህ፣ ራሷን ወደ ታች አድርገህ። እንጨቱ ይጠጣል፣ የጠጣውን ለመልቀቅ ጊዜ ይፈልጋል።

ቡና በጨው

የበቆሎ ቆረቆንዳ ፒፓ ያለው ሰው ደግሞ ጥሩ መሞከሪያ አለው። እነዚያ ሚዙሪ ውስጥ ዋሽንግተን በምትባል ትንሽ ከተማ ከ1869 ጀምሮ የሚሠሩት። ርካሽ ናቸው፣ ውሃም ይጠጣሉ። ያንኑ ትምባሆ በዚያው አሳሳብ እሱ ውስጥ አጭስ። እሱም ከተንተከተከ ጥፋቱ ያንተ ወይም የትምባሆው ነው። እሱ ደርቆ ያኛው ከተንተከተከ ፒፓው ውስጥ የሆነ ነገር አለ። መጀመሪያ ይኼን ብለን ቢሆን አንድ ሳምንት እናተርፍለት ነበር።

ልጁ ከፍራንክፈርት

ከአንድ ወር በኋላ ተመለስኩ።

አንድ አዛውንት ጠጋኝ አገኘሁ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ። እንጨት ጠራቢው የጻፈውን ተርጉሜ በወረቀት ሰጠኋቸው። አነበቡት፣ ወንዴውን በጥፍራቸው ነካ ነካ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስት ሳምንት ፈጀ። እኔ ደግሞ ፒፓዋ እሳቸው ጋ ከመሄዷ በፊት አንገቷን ጠረግኩት። የመጀመሪያው ሽቦ እንደ ቡና አተላ ጥቁር ነበር። አሥራ አራተኛው ነጭ ወጣ። ያ ሁሉ የእኔ የአንድ ወር ብቻ አይመስለኝም። የአባቴም አለበት። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሽቦዎች ሳስገባ እጄ ትንሽ ከበደኝ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ትምባሆውን 45 ደቂቃ አሰጣሁት። ጨመቅኩት፣ ቀስ ብሎ ተፍታታ። በረንዳው ላይ ካፖርት ለብሼ ተቀመጥኩ። ሃያ ደቂቃ አለፈ፣ ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩ። ምንም የለም። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ላይ አለቀች። ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የጠፋችብኝ። ስገለብጣት የወጣው ደረቅ ግራጫ አመድ ነው፣ ሲነፉት የሚበን። አተላ የለም። ለማረጋገጥ ያስገባሁት ሽቦ ጫፉ ላይ ብቻ ቀላ ብሎ ወጣ።

መሀል ላይ እናቴ በቪዲዮ ደወለችልኝ። ፒፓዋን እጄ ላይ አየቻት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ "በሩን ዘግተኸዋል?" አለችኝ።